ምዕራፍ ስድስት፦ ጩኸቱ ሳይቀንስ ጭንቀቱ ሲቀንስ

የመስማት ምርመራ የሚደረግበት ክፍል ጠባብ ነው፤ ግድግዳው በስፖንጅ የተለበጠ፣ በሩ ወፍራም። ታካሚው ማዳመጫ አጥልቆ ይቀመጣል። ባለሙያዋ ከመስታወቱ ማዶ ሆና አንድ ቀጭን ድምፅ ትልክና «የእርስዎ ከዚህ ይቀጥናል ወይስ ይወፍራል?» ትላለች። «ይቀጥናል።» ትንሽ ታቀጥነዋለች። «አሁንስ?» እንዲህ እየተባባሉ ጆሮው ውስጥ ሌት ተቀን የሚጮኸው ነገር የትኛው ድምፅ ጋ እንደሚገጥም ይደርሱበታል፤ አብዛኛውን ጊዜ የመስማት ችሎታው በተጎዳበት አካባቢ ነው። ቀጥሎ የሚለካው ጉልበቱ ነው። ድምፁን ከፍ ዝቅ እያደረገች «የእርስዎን የሚያህለው ጋ ስደርስ ይንገሩኝ» ትላለች።

ግራ የሚያጋባው ነገር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። «አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ የምኖር ነው የሚመስለኝ» እያለ የገባ ሰው ጩኸቱ ሲለካ፣ ድምፅ መስማት ከሚጀምርበት ደረጃ ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 10 ዴሲቤል ብቻ ከፍ ብሎ ይገኛል። ሰውየው አልዋሸም። የተጎዳ ጆሮ ላይ ድምፅ ቶሎ ስለሚጎላ ቁጥሩም ቢሆን እውነቱን ሙሉ በሙሉ አይናገርም። ሆኖም አሜሪካዊው የጆሮ ሐኪም ኤድመንድ ፎውለር በ1940ዎቹ ካስተዋለው ወዲህ ነገሩ ደጋግሞ ታይቷል፤ የጩኸቱ ጉልበትና የሰውየው ስቃይ አብረው አይወጡም፣ አብረውም አይወርዱም። (በዚህ ምዕራፍ የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ልካቸው አንድ ከሆነ ሁለት ሰዎች አንዱ ሥራውን እየሠራ ልጆቹን ያሳድጋል፤ ካልጠየቁት በቀር ስለ ጆሮው አያነሳም። ሌላው በቅጡ ከተኛ ሰንብቷል፣ ከሰው ተገልሏል፣ «ላብድ ነው» ይላል።

ይህ ምዕራፍ የሚያወዳድራቸው ሁለት ሕክምናዎች መንገዳቸው የሚለያየው ከዚሁ ላይ ነው። አንደኛው በድምፅ ላይ ድምፅ ይጨምራል። ሁለተኛው ድምፁን ትቶ ድምፁን ከሚሰማው ሰው ይጀምራል። የኔን ፍርድ ከወዲሁ ልናገር፦ ማስረጃው ወደ ሁለተኛው ያደላል፤ ገበያው ግን የተሞላው በአንደኛው ነው።

መጀመሪያ ግን ጩኸቱ ከየት ይመጣል? ሐኪሞች ቲናይተስ የሚሉት ይህ ነገር ራሱን የቻለ በሽታ ሳይሆን ምልክት ነው። በውስጠኛው ጆሮ ድምፅን ወደ ነርቭ መልእክት የሚለውጡ ፀጉር መሰል ሕዋሳት አሉ፤ ዕድሜ፣ የሥራ ቦታ ጫጫታ፣ ተኩስ ወይም መድኃኒት ካጠፋቸው ሰው ላይ ተመልሰው አይበቅሉም። ከዚያ አቅጣጫ የሚደርሰው መልእክት ሲሳሳበት አንጎል የጎደለውን ለማካካስ የራሱን ንቃት ከፍ ያደርጋል፤ ውጭ ምንም በሌለበት የሚሰማው ድምፅ የዚህ ውጤት ነው። ብዙ ተመራማሪዎች የሚቀበሉት ማብራሪያ ይኸው ነው። የመስማት ነርቭ በቀዶ ሕክምና ከተቆረጠ በኋላ እንኳ ጩኸቱ ያልጠፋላቸው ብዙዎች መኖራቸው ነገሩ ጆሮ ላይ ብቻ እንዳልሆነ ያሳያል።

ደግሞም የሕሙማን ብቻ አይደለም። በ1953 ሄለርና በርግማን የተባሉ አሜሪካውያን ደህና የሚሰሙ 80 ጎልማሶችን አንድ በአንድ ድምፅ የማይገባበት ክፍል ውስጥ አስቀምጠው የሚሰሙትን እንዲነግሯቸው ጠየቁ። ከመቶ 94ቱ አንድ ነገር ሰማን አሉ፤ እዝ የሚል፣ ሽው የሚል፣ ሲር የሚል። የእኛ ጆሮ ከታማሚው የሚለየው በጉልበት ነው እንጂ በዓይነት ላይሆን ይችላል ማለት ነው። በ2022 በጃማ ኒውሮሎጂ የወጣ ሰፊ ግምገማ ከዓለም አዋቂዎች 14 በመቶው፣ ማለትም ከ740 ሚሊዮን በላይ ሰው፣ የጆሮ ጩኸት እንደሚያውቅ ገምቷል። ክፉኛ የሚሠቃየው ደግሞ ወደ 120 ሚሊዮን ነው። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ከ600 ሚሊዮን የሚበልጥ ሰው ጩኸቱን እየሰማ እንዴት ይኖራል? የሥነ ልቦና ሕክምናው መነሻ ጥያቄ ይህ ነበር፤ እመለስበታለሁ።

ከዚህ በታች ያለው ሁሉ በሐኪም ታይቶ አስቸኳይ ምክንያት የለበትም ለተባለ ሰው ነው። ጩኸቱ በአንድ ጆሮ ብቻ ከሆነ፣ ከልብ ምት ጋር የሚመታ ከሆነ፣ ማዞር ከተከተለው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የመስማት ችሎታ በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ በድንገት ከወደቀ፣ መጽሐፉን ዘግቶ ወደ ጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ሐኪም መሮጥ ነው፤ ድንገተኛ የመስማት መቀነስ ሕክምናው የሚሠራው ቶሎ ከተጀመረ ነው። መድኃኒትም ይጠየቃል። ኩዊኒን እና በብዛት የተወሰደ አስፕሪን የሚያመጡት ጩኸት መድኃኒቱ ሲቆም ባብዛኛው ይመለሳል። እንደ ካናማይሲን፣ አሚካሲንና ጄንታማይሲን ያሉት መርፌዎች የሚያደርሱት ጉዳት ግን ሊቀር ይችላል። በአገራችንም መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ለዓመታት በእንዲህ ያለ መርፌ ሲታከም ስለኖረ ከሳንባቸው ድነው በጆሯቸው የተጎዱ ሰዎች አሉ፤ የዓለም ጤና ድርጅት ከ2018 ጀምሮ በሚዋጡ መድኃኒቶች እንዲተካ መምከሩ ለዚህም ነው።

ወደ ድምፁ ሕክምና እንምጣ። በክረምት ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ጩኸቱ የሚጠፋለት ሰው ሐኪም ሳይነግረው የሚያውቀው ነገር ነው። ወደ መሣሪያነት የተለወጠው በ1970ዎቹ አሜሪካ፣ ፖርትላንድ ከተማ ውስጥ ነው። ጃክ ቨርነን የተባለው የመስማት ተመራማሪ ቻርልስ ዩኒስ ከሚባል፣ ራሱ በጆሮ ጩኸት ከሚሠቃይ የካሊፎርኒያ ሐኪም ጋር ሲንሸራሸር ላቭጆይ የተባለው ሰው ሠራሽ ፏፏቴ አጠገብ ይደርሳሉ። ዩኒስ ቆመ፤ እንሂድ ቢሉት አልንቀሳቀስ አለ። ውኃው ሲፈስስ ጩኸቱን መስማት አቁሞ ነበር። ቨርነን ከዚያ ወዲህ የሚፈስ ውኃ የመሰለ ድምፅ የሚያወጡ፣ ጆሮ ላይ የሚደረጉ ትንንሽ መሣሪያዎችን ወደ ሕክምና አስገባ። ሐሳቡ መሸፈን ነበር።

መሸፈን ፈጣን ነው፣ ደስም ይላል። ችግሩ መሣሪያው ሲጠፋ ጩኸቱ እዚያው መገኘቱ ነው። ይህን ያዩት ፖላንድ የተወለደው ፓቬል ያስትሬቦፍና የለንደኑ ሐኪም ጆናታን ሄዝል ሌላ መንገድ ቀየሱ። ያስትሬቦፍ በ1990 ባወጣው ጽሑፍ ጩኸቱ የሚያሠቃየው በአንጎል ውስጥ ከስሜትና ከአደጋ ማንቂያ ክፍሎች ጋር ስለተሳሰረ ነው አለ። ወፍጮ ቤት አጠገብ የሚኖር ሰው ሞተሩን መስማት የሚያቆመው ድምፁ ስለጠፋ አይደለም፤ አንጎሉ ከቁም ነገር ስላልቆጠረው ነው። ስለዚህ ተጨማሪው ድምፅ ጩኸቱን መዋጥ የለበትም፤ ከጩኸቱ ዝቅ ብሎ፣ ሁለቱም አንድ ላይ እየተሰሙ መቆየት አለበት፤ ያልሰሙት ነገር አይለመድምና። በዚህ ላይ ጩኸቱ ለምን እንደመጣና ለምን እንደማይገድል የሚያስረዳ ረጅም ትምህርት ይጨመራል። ቲአርቲ ተብሎ የታወቀው ይህ ሕክምና አንድ ዓመት ተኩል ሊወስድ ይችላል።

መሣሪያውና ትምህርቱ አብረው መሰጠታቸውን ልብ ይሏል። ሰው ሲሻለው ያሻለው የቱ ነው? ይህን ጥያቄ ለመመለስ ሠላሳ ዓመት ያህል ፈጅቷል።

የሥነ ልቦናው መንገድም የተወለደው ለንደን ነው። በ1984 ሪቻርድ ሃላምና ባልደረቦቹ ጥያቄውን ገለበጡት። ለምን ይሠቃያል ከማለት ይልቅ አብዛኛው ሰው ለምን አይሠቃይም አሉ። መልሳቸው መላመድ ነው፤ ለማይለዋወጥና ትርጉም ለሌለው ድምፅ ጀርባ መስጠት የአንጎል ተራ ሥራ ነው። የሚያደናቅፈው ፍርሃት ነው። «ዕጢ ይሆን? ልደነቁር ይሆን? እስከ ዕለተ ሞቴ እንዲህ ልሆን ነው?» የሚል ሐሳብ ሰውነትን ያነቃል፤ የነቃ ሰውነት ጆሮውን ይቀስራል፤ የተቀሰረ ጆሮ ጩኸቱን ያገኘዋል፤ መገኘቱ ፍርሃቱን ያረጋግጣል። «ምንም መድኃኒት የለውም፣ ቻለው» ብሎ በሽተኛውን በሁለት ደቂቃ የሚሸኝ ሐኪም ይህን ዙር በገዛ እጁ ሊያስጀምር ይችላል። እንዲህ ያለው አሸኛኘት በአዲስ አበባም በለንደንም አለ።

ሲቢቲ በሚል ምሕጻር የሚጠራው የአስተሳሰብና የባህርይ ሕክምና ይህን ዙር በየመገጣጠሚያው ይቆርጠዋል። እንዴት እንደሚሠራ ለማየት አንድ የሒሳብ አስተማሪ እናስብ። ጆሯቸው መጮህ ከጀመረ ወዲህ የጎረቤት ቡና አይጠጡም፤ ጨዋታው ጩኸቱን ያብስብኛል ብለው ፈርተዋል። ሕክምናው ላይ ባለሙያዋ «አይዞዎት፣ ምንም አይሆኑም» አትላቸውም። ደብተር ታወጣለች።

«ነገ ቡና ቢጠሩ ጩኸቱ ከመቶ ስንት የሚደርስ ይመስልዎታል?»

«ዘጠና። ማታም አልተኛም፤ በማግሥቱ ክፍል ገብቼ ማስተማር አልችልም።»

«ሦስቱንም እንጻፋቸው። ዘጠና ይደርሳል፣ አልተኛም፣ ማስተማር አልችልም።»

ሄደው ይጠጣሉ። ሲመለሱ ደብተሩ ላይ የሚሞላው የሆነው ነው፤ ጩኸቱ ስልሳ ደርሶ ነበር፣ ሦስት ሰዓት ላይ ወርዷል፣ እንቅልፉ እንደ ወትሮው የተቆራረጠ ነበር፣ ጠዋት አስተምረዋል። አስተማሪው ፍርሃታቸውን የሚለኩት በራሳቸው ቁጥር ነው፤ የቲአርቲ ትምህርት የሚያስረዳውን ሲቢቲ ሰውየው ራሱ እንዲሞክረው ያደርጋል። በሚቀጥሉት ሳምንታት ትኩረትን ከጩኸቱ ወደ ሌላ ማዞርና መልሶ ወደ እሱ ማምጣት፣ ሰውነትን ማላላት፣ የመኝታ ሰዓትን መቆጣጠር ይጨመራል። በተለምዶ ከ6 እስከ 12 ያህል ቀጠሮ ነው፤ ከአንድ ዓመት ተኩል ጋር ሲነጻጸር አጭር ነው።

ሁለቱ ሕክምናዎች ፊት ለፊት የሚጋጩበት አንድ ቦታ አለ፤ ብዙ ጽሑፎች ግን ዘለውት ያልፋሉ። የድምፅ ሕክምና ባለሙያው «ጸጥታን ሽሹ» ይላል። መኝታ ቤት ውስጥ ማራገቢያ ይዙር፣ ሬዲዮ በቀስታ ይከፈት፣ ስልኩ የዝናብ ድምፅ ያሰማ። ከሲቢቲ ወገን ደግሞ አንዳንዶች «ጸጥታ ውስጥ ይቀመጡ፤ ጩኸቱን ያዳምጡት» ይላሉ። ኔዘርላንድስ ውስጥ ሪላና ሲማና ባልደረቦቿ የሠሩበት ስልት የፈሩትን ነገር ከመሸሽ ይልቅ ቀርቦ መቆየትን ይጨምራል። የለንደኑ ሎረንስ መኬና እና ባልደረቦቹ በ2014 ባወጡት ማብራሪያ ላይም ለደኅንነት ተብለው የሚደረጉ ልማዶች ራሳቸው ፍርሃቱን ከሚያቆዩት ነገሮች መካከል ተቆጥረዋል። ሬዲዮ ሳይዝ መጸዳጃ ቤት የማይገባ ሰው ጸጥታ እንደማይገድለው የሚማርበትን ዕድል ራሱ ላይ ዘግቷል።

ታዲያ ማንን እንስማ? በእኔ እይታ ልዩነቱ ድምፁ ላይ ሳይሆን የሚከፈትበት ምክንያት ላይ ነው። እንቅልፍ እስኪወስድ ድረስ ክፍሉን የሚያለሰልስ ዝቅ ያለ ድምፅ ጉዳት የለውም፤ ጨለማና ጸጥታ ያለበት ክፍል ጩኸቱ ይበልጥ ጎልቶ የሚወጣበት ነውና። ጩኸቱ እንዳይሰማ በፍርሃት የሚከፈትና በየወሩ ከፍ እያለ የሚሄድ ድምፅ ግን ሌላ ነገር ነው፤ በጆሮ ማዳመጫ ከሆነ ደግሞ የቀረውን መስማት ሊጎዳ ይችላል። ይህን የሚለየው ሰውየው ራሱ ነው። አንድ ማታ ማራገቢያው ቢበላሽ ምን ይሰማዋል? ቅሬታ ከሆነ ደህና። ድንጋጤ ከሆነ ማራገቢያው ሕክምና መሆኑ ቀርቷል።

ማስረጃውን እንመዝን። ስቃዩ የሚለካው በመጠይቅ ነው። የታወቀው 25 ጥያቄዎች ያሉት ሲሆን ውጤቱ ከ0 እስከ 100 ይደርሳል፤ ታካሚው ልዩነቱ የሚታወቀው 7 ነጥብ ያህል ሲወርድ ነው ተብሎ ይታሰባል። ኮክሬን የተባለው ዓለም አቀፍ የግምገማ ተቋም በ2020 በሲቢቲ ላይ 28 ጥናቶችን፣ 2,733 ተሳታፊዎችን መረመረ። ሲቢቲ የወሰዱት ወረፋ ከሚጠብቁት ጋር ሲነጻጸሩ ወደ 11 ነጥብ ገደማ ዝቅ ብለው ተገኙ። የሚናቅ አይደለም፤ ተአምርም አይደለም። ጥናቶቹ እንከን አላቸው፤ ሕክምናውን የሚወስድ ሰው መውሰዱን ስለሚያውቅ ተስፋው ራሱ ውጤቱን ሊያሳምር ይችላል፣ ከስድስት ወርና ከዓመት በኋላ ስለሚሆነው የተገኘው ማስረጃም ጥቂትና ደካማ ነው። ቀደም ባለው የ2010 ግምገማ ደግሞ ሲቢቲ የጩኸቱን ጉልበት ሲቀንስ አልታየም። የዚህ ምዕራፍ ርዕስ የተወሰደው ከዚያ ነው፤ ብዙ ታካሚ ሲነገረው ቅር ይለዋል፤ የመጣው ጸጥታ ፍለጋ ነውና።

በድምፅ በኩል ያው ኮክሬን በ2018 የመስሚያ መሣሪያንና ድምፅ አመንጪ መሣሪያዎችን መርምሮ 8 ጥናቶችን፣ 590 ሰዎችን ብቻ አገኘ። ከወረፋ ጠባቂ፣ ከማስመሰያ መሣሪያ ወይም ከትምህርት ብቻ እንደሚበልጡ የሚያሳይ ማስረጃ አልነበረም። አለመገኘቱ አለመጥቀሙን አያረጋግጥም፤ ለአርባ ዓመት ሲሸጥ ለኖረ ነገር ግን ትንሽ ያሳፍራል።

ከዚያ በ2019 ከላይ የጠየቅነውን ጥያቄ የሚመልስ ሙከራ ወጣ። የጆሮ ጩኸት ለአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ካሳ ከሚከፈልባቸው ጉዳቶች ሁሉ በብዛት ቀዳሚው ነው፤ ስለዚህ ሙከራው የተካሄደው በ6 የጦር ሆስፒታሎች፣ በ151 ሰዎች ላይ፣ ለ18 ወራት ነበር። አንዱ ቡድን ሙሉውን ቲአርቲ አገኘ። ሁለተኛው ያንኑ ትምህርት ወሰደ፤ የተሰጠው መሣሪያ ግን መጀመሪያ ድምፅ አሰምቶ ቀስ በቀስ እየከሰመ ዝም የሚል ማስመሰያ ነበር። ሦስተኛው የተለመደውን እንክብካቤ አገኘ። ሦስቱም ቡድኖች ተሻላቸው፤ ማንም ከማንም የሚለይ ሆኖ አልተገኘም። እውነተኛው መሣሪያ ጆሮው ላይ የነበረ ሰው ዝም ያለ መሣሪያ ካጠለቀው አልበለጠም። ይህን ሙከራ ካነበብኩ በኋላ ስለ መሣሪያው የነበረኝ ግምት እጅግ ቀንሷል፤ ስለ ትምህርቱና ስለ ጥሩ ሐኪም ግን ጨምሯል።

ሁለቱን ፊት ለፊት ያጋጠሙ ሙከራዎች ጥቂት ናቸው። ስዊድን ውስጥ በ2011 ደህና የሚሰሙ 64 ሰዎች ላይ የተሠራው አንዱ ነው። በአንድ በኩል የመቀበልና የቁርጠኝነት ሕክምና የሚባለው የሲቢቲ ዘመድ፣ በሌላ በኩል ቲአርቲ ነበሩ። አስተማማኝ መሻሻል ያሳዩት በመጀመሪያው 54.5 በመቶ፣ በቲአርቲ 20 በመቶ ነበሩ። ነገር ግን የመጀመሪያው 10 ቀጠሮ ሲኖረው ቲአርቲው ባብዛኛው አንድ ረጅም ቀጠሮና መሣሪያ ነበር፤ ከባለሙያ ጋር ያሳለፉት ሰዓት እኩል አልነበረም። ለንደን ውስጥ ደግሞ መኬና ያለበት ቡድን በጩኸቱ ምክንያት እንቅልፍ ያጡ 102 ሰዎችን ሲያወዳድር ለእንቅልፍ የተዘጋጀው ሲቢቲ በመስማት ክሊኒክ ከሚሰጠው እንክብካቤ በልጦ ተገኝቷል።

በ2012 ላንሴት ላይ የወጣው የሲማ ሙከራ ብዙ አገሮች መመሪያቸውን ሲጽፉ የተመለከቱት ነው። 492 ጎልማሶች በዕጣ ተከፈሉ። ግማሾቹ የተለመደውን አገኙ፤ ግማሾቹ ደግሞ ሲቢቲን ከቲአርቲ ከተወሰዱ ክፍሎች ጋር ያጣመረ፣ ቀላል ለሆነለት ቀላል፣ ለጠናበት ጠንከር ያለ ሕክምና አገኙ። ከዓመት በኋላ የኑሮ ጥራታቸው የተሻለው እነዚህ ናቸው። ማጣመሩ ራሱ ይጠቅም እንደሆነ ለማወቅ በግሪክ፣ በጀርመን፣ በስፔንና በቤልጅየም ባሉ 5 ክሊኒኮች 461 ሰዎች ለ12 ሳምንት ተሞከሩና ውጤቱ በ2025 ወጣ። በጥቅሉ ሁለት ሕክምና ከአንድ ይሻላል። ጠጋ ብለው ሲያዩት ግን የሚደግፈው ጠንካራው ደካማውን ነው፤ ሲቢቲ ወይም የመስሚያ መሣሪያ ብቻውን የሚበቃ ጉልበት ሲኖረው የድምፅ ሕክምና ብቻውን ሲሆን ከሁሉ ደክሞ ታይቷል።

የመስሚያ መሣሪያን ከድምፅ አመንጪው መለየት ያስፈልጋል፤ ሻጮች ሁለቱን አንድ አድርገው ያቀርቧቸዋል። የመስሚያ መሣሪያ የሚያመጣው የውጭውን ዓለም ነው፤ የሰው ንግግር፣ የመንገድ ድምፅ፣ የቤት ኳኳታ። መስማቱ ለቀነሰ ሰው ይህ ንግግር ለመስማት የሚያደርገውን ትግል ያቀልለታል፤ ጩኸቱም ብቻውን አይቀርም። የአሜሪካ የጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ሐኪሞች ማኅበር የ2014 መመሪያ ሲቢቲን እንዲሁም መስማታቸው ለቀነሰ የመስሚያ መሣሪያን ይመክራል፤ የድምፅ ሕክምናን ለምርጫ ይተወዋል፤ ጊንኮ፣ ዚንክና ሜላቶኒን አይታዘዙ ይላል። ናይስ የተባለው የእንግሊዝ የጤና መመሪያ አውጪ ተቋም በ2020 ቤታሂስቲን የተባለው መድኃኒት ለዚህ እንዳይሰጥ ከልክሎ የሥነ ልቦናውን ሕክምና በደረጃ አስቀምጦታል፤ መጀመሪያ በኢንተርኔት የሚሰጥ፣ ካልበቃ በቡድን፣ ካልበቃ በግል። ከ2023 ወዲህ በአሜሪካ ፈቃድ ያገኘ፣ ድምፅን ምላስ ላይ ከሚሰማ ቀላል የኤሌክትሪክ ንዝረት ጋር የሚያጣምር መሣሪያም አለ። የመጀመሪያዎቹ ትልልቅ ሙከራዎቹ ግን መሣሪያውን ያወዳደሩት ከራሱ ልዩ ልዩ ቅንብሮች ጋር ስለሆነ ገንዘብ ከማውጣት በፊት መታገሥ ይሻላል ባይ ነኝ።

ለአማርኛ ተናጋሪ አንባቢ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። መሣሪያ ቋንቋ አይፈልግም፤ ሲቢቲ ግን ከቋንቋ ውጭ የለም። ሌሊት ሰው የሚጨነቀው ባደገበት ቋንቋ ነው። ስቶክሆልም ወይም ዋሽንግተን ያለ ሰው በሁለተኛ ቋንቋው የሚሰጠውን የኢንተርኔት ትምህርት ጨርሶ «ምንም አልሠራልኝም» ቢል አይገርመኝም፤ ችግሩ ከሕክምናው ላይሆን ይችላል። በስዊድንም በአሜሪካም ሆስፒታሎች አስተርጓሚ መጠየቅ ይቻላል፤ አማርኛ የሚናገር የሥነ ልቦና ባለሙያ ማፈላለግም ያዋጣል። አገር ቤት ላለ ሰው ደግሞ በስሙ «የጆሮ ጩኸት ክሊኒክ» የሚባል መፈለግ ግዴታ አይደለም። የጆሮ ሐኪሙ መርምሮ አስጊ ነገር የለም ካለ በኋላ ለጭንቀትና ለእንቅልፍ ማጣት ሲቢቲ የሚሰጥ ባለሙያ መሣሪያዎቹ በእጁ አሉ፤ ዙሩ ያው ነውና። የሐኪሙን የምርመራ ውጤት ይዞ መሄድ ይጠቅማል፤ ባለሙያው ከምን እንደሚነሳ ያውቃል። ተስፋ መቁረጡ ራስን እስከ መጉዳት የሚያሳስብ ከሆነ ግን የትኛውንም የሕክምና ቅደም ተከተል ሳይጠብቁ በዕለቱ ሐኪም ማግኘት ነው።

የድምፅ መሣሪያ ለመግዛት የቆረጠ ሰው ከመክፈሉ በፊት የሚጠይቃቸው ነገሮች አሉ። መስማቴ ተለክቷል ወይ? ከቀነሰስ የሚሸጥልኝ የመስሚያ መሣሪያ ነው ወይስ ድምፅ አመንጪ? ወስጄ ሞክሬ ካልጠቀመኝ ይመለሳል ወይ? ከመሣሪያው ጋር የሚያስረዳኝና የሚከታተለኝ ባለሙያ አለ ወይ? መስማቱ ላልቀነሰ ሰው የሚቀርበው ድምፅ አመንጪ ብቻ ከሆነ ደግሞ በስልክ ላይ በነፃ ከሚገኘው የዝናብ ድምፅ በምን እንደሚበልጥ ሻጩ በማስረጃ ያስረዳ።